የአፍ ወለል ካንሰር፦ ጋማ ካሜራው ሴንቲኔል ኖድ ካላሳየ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ በኒውክሌር ሜዲሲን ክፍል የምሠራ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ከምላስ ሥር፣ የአፍ ወለል ላይ ካንሰር የተገኘበት ታማሚ ተልኮልን ነበር። ካንሰሩ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በአልትራሳውንድ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው። አንገቱ ሲዳሰስም በሲቲም ምንም የለበትም። 40 ሜጋ ቤክሬል ቴክኒሺየም ናኖኮሎይድ (ጨረራ የሚሰጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ያሉበት ፈሳሽ) በካንሰሩ ዙሪያ ተወግቶ ከ30 ደቂቃ በኋላ ከፊትና ከጎን ምስል አነሳን። የታየው መርፌው የገባበት ቦታ ብቻ ነው። ካሜራችን ስፔክት (ዙሪያውን እየዞረ የሚነሳ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) ይሠራል፣ ሲቲ ግን የለውም። ቀዶ ሐኪሙ «ኖድ ከሌለ አንገቱን ልተወው?» ብሎናል። ምን እንመልስለት? የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው?

ምላሽ፦

ለቀዶ ሐኪሙ አሁኑኑ የሚነገረው አንገቱን እንዳይተው ነው። በምስሉ ላይ ኖድ (የሊምፍ ዕጢ) አለመታየቱ አንገቱ ነጻ ስለመሆኑ ምንም አይነግረንም። ቴክኒሺየሙ ካንሰር አይፈልግም፤ ከካንሰሩ አካባቢ የሚወጣው ሊምፍ በየት አድርጎ መጀመሪያ የትኛው ኖድ ላይ እንደሚያርፍ ነው የሚያሳየው፤ ሴንቲኔል ኖድ የሚባለውም እሱ ነው። ካንሰር መኖር አለመኖሩን የሚለየው ያንን ኖድ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓቶሎጂስት ነው። ኖዱ ካልተገኘ ፓቶሎጂስቱ የሚያየው ነገር የለም፤ ጥያቄውም ሳይመለስ ቀረ ማለት ነው።

የእርስዎ ታማሚ ሲቲው ንጹሕ መሆኑም ብዙ ሊያዝናናን አይገባም። በእንዲህ ያለ ገና በጀመረ የአፍ ካንሰር፣ አንገታቸው በምርመራ ንጹሕ ከተባሉት ታማሚዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ኖዳቸው ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ይገኝባቸዋል። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የካንሰር ክምችት ለሲቲም፣ ለኤምአርአይም፣ ለፔትም አይታይም። በ2015 የወጣው የሙምባዩ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥናት አንገታቸው አስቀድሞ የተጸዳላቸውን፣ ኖድ እስኪያብጥ ከተጠበቁት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 80 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 67.5 በመቶ በሕይወት ነበሩ። «ካልታየ እንተወው» የሚለው ውሳኔ የሚያስከፍለው ይህን ያህል ነው።

በሌላ በኩል ሴንቲኔል ኖድ በወጉ ሲሠራ አለመታየቱ ብርቅ ነው። በ14 የአውሮፓ ማዕከላት 415 ታማሚዎችን ባካተተው የሴንት ጥናት በ99.5 በመቶው ኖድ ተገኝቷል። ስለዚህ ባዶ ምስል ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታማሚው አንገት ሳይሆን አሠራሩ ነው። የአፍ ወለል ደግሞ ከሌላው የአፍ ክፍል ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ቀደም ሲል በአውሮፓ በተሠራ የብዙ ማዕከላት ጥናት ዘዴው ካንሰር ያለባቸውን አንገቶች የመያዝ አቅሙ በሌሎች የአፍ ክፍሎች 97 በመቶ ሲሆን፣ በአፍ ወለል 80 በመቶ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ቅርበት ነው። የአፍ ወለል ሊምፍ መጀመሪያ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ከአገጭና ከመንጋጋ ሥር ባሉት፣ ሌቭል 1 በምንላቸው ኖዶች ላይ ነው። እነዚህ መርፌው ከገባበት ቦታ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ቢርቁ ነው። ከተወጋው 40 ሜጋ ቤክሬል ውስጥ ኖዱ 1 በመቶ ወሰደ እንበል፦ 0.4 ሜጋ ቤክሬል ማለት ነው። አጠገቡ 39 የሚጠጋ ሜጋ ቤክሬል ይነድዳል። ሌሊት በረጅም መብራት ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አጠገቡ የሚሄደውን እግረኛ እንደሚሰውረው ሁሉ፣ መርፌ የገባበት ቦታ ኖዱን ይውጠዋል። የዝቅተኛ ኢነርጂ ሃይ ሪዞሉሽን ኮሊሜተር (ካሜራው ፊት ያለው የእርሳስ ወንፊት) እንኳ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚለየው ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ካሜራው ከቆዳው በራቀ ቁጥር ይህ ይበላሻል፤ ሁለቱ ነጥቦች ተዋሕደው አንድ ትልቅ ነጥብ ይሆናሉ።

እንግዲህ ታማሚውን እንደገና ከመውጋት በፊት ያነሳችሁትን ምስል እንደገና ይክፈቱት። ስክሪኑ 256 የግራጫ ደረጃዎች ቢኖሩትና ከፍተኛው ደረጃ ለመርፌው ቦታ ቢሰጥ፣ ከእሱ 100 ጊዜ የሚያንሰው ኖድ የሚደርሰው 2 ወይም 3 ደረጃ ነው። ዓይን ይህን ከጀርባው ጥላ አይለየውም። የላይኛውን ወሰን ከከፍተኛው ቆጠራ ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 5፣ ከዚያም ወደ 2 በመቶ ዝቅ ያድርጉት፤ ወይም ሎጋሪዝሚክ ስኬል ይምረጡ። የመርፌው ቦታ አብጦ ያስጠላል፤ ግን ከጠርዙ ላይ እንደ ጎባጣ ነገር ብቅ ያለ ካለ ኖዱ እሱ ሊሆን ይችላል። ምስሉ በምን ዓይነት ማትሪክስ እንደተነሳም ይዩ። በባይት ሞድ ከተነሳ አንድ ፒክስል ከ255 በላይ መቁጠር ስለማይችል የመርፌው ቦታ ዙሪያ ይበላሻል፤ በወርድ ሞድ መነሳት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የምስሉ አቅጣጫ ነው። ከፊትና ከጎን ብቻ የተነሳ ምስል በአፍ ወለል ላይ ሌቭል 1ን ላያሳይ ይችላል፤ ኖዱ ከመርፌው ቦታ በስተጀርባ ወይም በታች ተደርቦ ይተኛል። ታማሚውን በጀርባው አስተኝተው ከትከሻው ሥር ጥቅል ጨርቅ ያድርጉ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይቀና፣ አገጩ ወደ ላይ ይነሳ። ያኔ አፉ ወደ ላይ ይሸሽና ከመንጋጋ ሥር ያለው ክፍል ይገለጣል። ከዚያ የካሜራውን ራስ ቆዳውን እስኪነካ ድረስ አቅርበው ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ በ30 እና በ45 ዲግሪ ዘንበል እያደረጉ ያንሱ፤ 256 በ256 ማትሪክስ፣ እያንዳንዱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ሁለቱንም ጎን ማንሳት ግዴታ ነው። የአፍ ወለል ካንሰር ወደ መሃል መስመር ከተጠጋ ሊምፉ ወደ ሁለቱም አንገት ይሄዳል፤ በአንድ ጎን ብቻ ያለ ካንሰርም አልፎ አልፎ ወደ ተቃራኒው አንገት ይልካል። ይህን ካርታ ማግኘት ራሱ የዘዴው ትልቅ ጥቅም ነው።

እርሳስ መጠቀምም ይረዳል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ ቅጠል ከቴክኒሺየም ጨረራ ከ99 በመቶ በላይ ያግዳል። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መርፌው በገባበት ቦታ ልክ ተቆርጦ ጉንጭና ከንፈር ላይ ይቀመጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት የታወቀ ነው፦ ሰፊ ቅጠል ያስቀምጡና ኖዱንም አብረው ይሸፍኑታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ እርሳስ፣ ቀጥሎ ከእርሳስ ጋር፣ ቀጥሎም ቅጠሉን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ገፋ አድርገው ሦስት ጊዜ ያንሱና ያነጻጽሩ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ 30 ደቂቃ ለናኖኮሎይድ አይበቃም። ሙሉው አሠራር እንዲህ ነው፦ መርፌው እንደወጣ ታማሚው ካሜራ ሥር ይገባል፤ ለ15 ደቂቃ በየ20 ወይም 30 ሰከንዱ አንድ ፍሬም እየተነሳ ተከታታይ ምስል ይሠራል፤ ማትሪክሱ 128 በ128 ይበቃል። ሊምፉ እንደ ቀጭን ክር ሲወርድ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከሁለት ኖዶች የትኛው ቀድሞ እንደተቀበለ፣ የትኛው የእሱ ትርፍ እንደሆነ የሚለየውም ያ ክር ነው። ቀጥሎ ቋሚ ምስሎች፣ ከዚያ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ሌላ ዙር። በመካከሉ ታማሚው ምላሱን ያንቀሳቅስ፣ ውሃ ይጠጣ፤ እንቅስቃሴ ሊምፍ ይገፋል። እስከዚያም ካልታየ እንደገና መውጋት ይቻላል።

ስለ መርፌው ራሱ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ባዶ ምስል የሚጀምረው እዚህ ነውና። 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ 25 ወይም 27 ጌጅ መርፌ፤ ካንሰሩን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ከበው በአራት ነጥብ፣ በእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ከለስላሳው ሽፋን ሥር። ካንሰሩ ውስጥ የተወጋ ትሬሰር (ጨረራ ያለው ፈሳሽ) እዚያው ይቀራል፤ ጤነኛው ዳርቻ ነው የሊምፍ መስመር ያለው። በጣም ላይ ላዩን ከተወጋ ወደ አፍ ይፈስሳል። ለማደንዘዝ ሊዶኬይን ስፕሬይ ወይም የምላስ ነርቭን ራቅ ብሎ ማደንዘዝ ይሻላል፤ በካንሰሩ ዙሪያ ማደንዘዣ መንፋት የሊምፉን ፍሰት ይለውጣል። መርፌው ሲወጣ ነጥቡን በጎዝ ይዞ ለጥቂት ሰከንድ መጫን ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይወልቃል። ወዲያው ታማሚው አፉን ተጉመጥምጦ በተዘጋጀ ዕቃ ይትፋ፤ ትፋቱም ጎዙም ጨረራ እንዳለው ቆሻሻ ይያዛል።

ካልተጉመጠመጠ ምን ይሆናል? ምራቅ አገጭ ላይ ይንጠባጠብና ልክ የኖድ ያህል ብሩህ ነጥብ ይሆናል፤ የተዋጠው ደግሞ በጉሮሮ መስመር ላይ ሌላ ነጥብ ይሠራል። አገጩንና አንገቱን በእርጥብ ጎዝ ጠርገው፣ የለበሰውን ቀይረው፣ ውሃ አጠጥተው እንደገና ያንሱ። ነጥቡ ከጠፋ ወይም ከተንቀሳቀሰ ኖድ አልነበረም።

ከዚህ የባሰው አሳሳች ነገር ግን ከዝግጅት ክፍሉ ይመጣል። ናኖኮሎይዱ ከቴክኒሺየሙ ጋር በደንብ ካልተያያዘ ነጻ ቴክኒሺየም ወደ ደም ይገባና ታይሮይድ፣ ጨጓራና የምራቅ ዕጢዎች ይወስዱታል። ከመንጋጋ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ ደግሞ ልክ ሌቭል 1 ላይ ነው ያለው! ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ኖድ ብሎ ያወጣዋል፣ እውነተኛው ኖድ ይቀራል። በሁለቱም ጎን እኩል የሆነ ክብ ጥላ፣ ከታይሮይድ ጋር አብሮ ከታየ ጠርጥሩ። ከመውጋት በፊት በክሮማቶግራፊ ወረቀት መያያዙን መለካትና ከ95 በመቶ በታች ከሆነ አለመጠቀም ነው።

ሌላም ብዙ የማይታሰብ ነገር አለ። ቴክኒሺየም የሚቀዳበት የጀነሬተሩ ሞሊብዲነም ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ነው፤ ሰኞ የነበረው ኃይል ዓርብ ላይ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። ያኔ 40 ሜጋ ቤክሬል ለማግኘት ሲሪንጁ ውስጥ ብዙ ፈሳሽ ይሞላል፤ 0.4 የነበረው 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያ ሁሉ ፈሳሽ ለስላሳውን ሽፋን ይወጥራል፣ ይፈስሳል፣ የመርፌውንም ቦታ ያሰፋል። የአፍ ካንሰር ታማሚ ቀጠሮ ጀነሬተሩ ትኩስ በሆነበት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ካልተቻለ ጀነሬተሩን በትንሽ ፈሳሽ መቅዳት ነው።

የመጠን ነገር ከተነሳ፦ ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተወግቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ቀዶ ጥገና የሚገባ ታማሚ 18 ሰዓት አልፎታል፤ የቀረው ስምንተኛው እጅ ነው። የእናንተ 40 ሜጋ ቤክሬል 5 ይሆናል ማለት ነው። ለማግስት ቀዶ ጥገና 74 አካባቢ መውጋት ይሻላል፤ 9 ይተርፋል።

ሲቲ ባይኖራችሁም ስፔክቱን ሥሩት። 128 በ128 ማትሪክስ፣ በየ3 ዲግሪው፣ በእያንዳንዱ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ፤ አንገቱ በቀበቶ ተይዞ፣ ታማሚው እንዳይናገርና ምራቁን ቶሎ ቶሎ እንዳይውጥ ተነግሮት። ስሌቱን በኢተሬቲቭ ዘዴ አሠሩት። የድሮው ፊልተርድ ባክ ፕሮጀክሽን ከብሩሁ ነጥብ ዙሪያ ጨለማ ጨረሮች ስለሚሠራ ትንሹን ኖድ ሊያጠፋው ይችላል። ሲቲ ያላቸው ክፍሎችም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው፦ የጥርስ ብረት በሲቲው የሚደረገውን የምስል ማስተካከያ ያዛባል፤ ስለዚህ ያልተስተካከለውንም ምስል ማየት አለባቸው።

ሲቲው የሚሰጠውን የአካል ቦታ በኮባልት 57 መተካት ይቻላል። የፍለድ ሶርሱን (ጠፍጣፋውን የጨረራ ምንጭ) ከታማሚው በስተጀርባ ለጥቂት ሰከንድ አድርገው ሲያነሱ የአንገቱና የመንጋጋው ቅርጽ በጥላ መልክ ይወጣል። በነጥብ ሶርስ የመንጋጋውን ማዕዘን፣ የአገጩን ጫፍ፣ የማንቁርቱን ጎባጣ እየነኩ ምልክት ያስቀምጡ። ከዚያ ኖዱ ያለበትን ቆዳ በማይለቅ ማርከር ያመልክቱ፤ ግን ታማሚው በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ በሚተኛበት አኳኋን፣ አንገቱ ተቃንቶና ራሱ ወደ ጎን ዞሮ። ራሱ ቀጥ ብሎ የተደረገ ምልክት ራሱ ሲዞር ከኖዱ ላይ ይሸሻል፣ ቆዳው ይንሸራተታላ።

ቲልማኖሴፕት የተባለው ሌላ ትሬሰር የሚገኝበት ቦታ ይህ ችግር ይቀልላል። መጠኑ 7 ናኖ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ኖድ ውስጥ ባሉት ማክሮፋጆች ሲዲ 206 ተቀባይ ላይ ይጣበቃል። ከመርፌው ቦታ ቶሎ ስለሚለቅ የመብራቱ ድምቀት ይቀንሳል። በአሜሪካ ለአፍ ካንሰር የተፈቀደው በ2014 ነው፤ ለዚያው ቀን ቀዶ ጥገና 18.5፣ ለማግስቱ 74 ሜጋ ቤክሬል ይወጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ላይታይ ይችላል። ያኔ ሥራው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይሄዳል፤ ለአፍ ወለል ደግሞ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ካንሰሩ በአፍ በኩል ቀድሞ ይወጣል፤ አብሮት አብዛኛው ጨረራ ይሄዳል፣ መብራቱ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ጋማ ፕሮቡ (በእጅ የሚያዘው ጨረራ መለኪያ)፣ ጫፉ ከአፉ ተመልሶ ወደ አንገት እያየ፣ ሌቭል 1ን ቀስ እያለ ይፈትሻል። ከምራቅ ዕጢው ፊት ለፊት ያለውን ስብና ከአገጭ ሥር ያለውን ሕብረ ሕዋስ መክፈት ያስፈልጋል፤ ኖዱ አንዳንዴ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ እዚያ ስብ ውስጥ ተወሽቆ ይገኛል። የወጣው እያንዳንዱ ኖድ ከሰውነት ውጭ ለ10 ሰከንድ ይቆጠር፤ የቀረው ቦታ ከብሩሁ ኖድ ከ10 በመቶ በታች እስኪወርድ ፍለጋው አይቆምም። ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለው የሚያበራ ቀለምና የኢንፍራሬድ ካሜራ ካሉ እዚህ ላይ ይጠቅማሉ፤ የሚያዩት ግን 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጥልቀት ብቻ ስለሆነ ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ነው። ሰማያዊ ቀለም በአፍ ውስጥ አልመክርም፤ የካንሰሩን ድንበር ያጠፋል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መጣራት ነበረበት፦ ኖዱ በካንሰር ሙሉ በሙሉ ከተሞላ ሊምፍ አይቀበልም፤ ትሬሰሩ አልፎት ይሄዳል ወይም ከቦታው አይነቃነቅም። ሲቲው ንጹሕ ቢሆንም ባለ ሙያ አንገቱን በአልትራሳውንድ ይይ፤ ክብ የሆነ ወይም መሃሉ የጠፋ ኖድ ካለ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድ። አንገቱ ከዚህ በፊት ተቀድዶ ወይም በጨረራ ታክሞ እንደሆነም ይጠየቅ፤ የሊምፉ መንገድ ተቀይሮ ይሆናል።

በፕሮቡም ካልተገኘ የሚቀረው ከሌቭል 1 እስከ 3 (ከአገጭ ሥር እስከ አንገት መሃል) ያሉትን ኖዶች ማጽዳት ነው። ይህ ቀድሞም የነበረ መደበኛ ሕክምና ስለሆነ ታማሚው የሚያጣው ነገር ቢኖር ትንሽ ቀዶ ጥገና የማግኘት ዕድል ነው። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ከታማሚው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዝ፤ ሲነቃ «ትንሽ ቀዳዳ ነበር የተባልኩት» እንዳይል።

የእናንተ ሪፖርት ላይ «ሴንቲኔል ኖድ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳይኖር። እንዲህ ይጻፍ፦ «በ30 ደቂቃ ምስል ሴንቲኔል ኖድ ተለይቶ አልታየም። ሌቭል 1 በመርፌው ቦታ ጨረራ ስለተሸፈነ መገምገም አልተቻለም። ከሌቭል 2 እስከ 5 በሁለቱም ጎን በዚህ ሰዓት የተለየ ነጥብ የለም። ከ2 እስከ 4 ሰዓት የቆየ ምስል፣ አገጭ ተነስቶ በዘንበል አቅጣጫና ስፔክት ይመከራል። ኖድ ካልተገኘ ውጤቱ አንገቱን ነጻ ለማለት አያገለግልም።» ከሥሩ የተወጋው መጠን፣ ሰዓቱና የመያያዙ መቶኛ ይስፈር።